ባጭሩ የማይነገር ወንዝ

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ ነቀምቴ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚሰበሰበው ባለጉዳይ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዳኛውን ስም አልነበረም። «ዛሬ አስተርጓሚው ማነው?» ነበር የሚለው። ጨመዳ ነው ከተባለ የብዙው ፊት ይፈታል።

ጨመዳ ኢዶሳ ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱን በበጋም በክረምትም የማያወልቅ ሰው ነበር። አማርኛን የለቀመው ግማሹን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከገበያ ነው። ዝናው ደግሞ እጥር ምጥን ማለቱ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከጧት እስከ ቀትር የተናገረውን እሱ በሁለት ቃል ጠቅልሎ ለዳኛው ያቀርባል። ዳኛው ይወዱታል። ጸሐፊውማ እንዴት አይወደው፣ ብዕሩ ያርፍለታል። እውነቱን ለመናገር ግን ጨመዳ ነገር የሚያሳጥረው ሁልጊዜ ስለቻለበት አልነበረም። አንዳንዴ የአማርኛው ቃል ስለሚጠፋው ነው። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን ለራሱ ደጋግሞ አይነግረውም።

አንድ ቀን ከጉቶ ጊዳ የወሰን ክርክር መጣ። ከሳሹ ነመራ የሚባል ባለብዙ መሬት ሲሆን ተከሳሿ ጎረቤቱ ሎሚ ነገራ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት ሴት። ወሰናቸው ከአንድ ቋጥኝ ተነስቶ እስከ አንድ ትልቅ ሾላ የሚወርድ ጅረት ነው። ጅረቱ እመሃል ላይ ሲደርስ ወደ ነመራ በኩል ዘልቆ ገብቶ ይዞርና ይመለሳል። በዚያ እጥፋት ውስጥ የሎሚ ጎጆ፣ የሎሚ ቡና፣ የባሏም መቃብር አለ። ሌላ ያላት ነገር የለም።

ምስክር ሆነው የቀረቡት ኦቦ ዳዲ፣ በአገሩ የወሰን አዋቂ የሚባሉ ሽማግሌ፣ እንደ ምስክርነት ወጉ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ቆሙ። እሳቸው ወሰን የሚናገሩት በአፋቸው ብቻ አይደለም። ወገባቸውን ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ጅረቱ ግራ ይሄዳል፤ ወደ ቀኝ ሲወዛወዙ ቀኝ ይሄዳል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲመለሱ ውሃውም ይመለሳል። ጨመዳ የተወለደው ከዚያው ጅረት ማዶ ስለሆነ ሁሉንም እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። በኦሮምኛ ሲሰማው ውሃው እፊቱ ይፈስ ነበር። ወደ ዳኛው ዞሮ አፉን ሲከፍት ግን ጅረቱ ደረቀ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባል የለ?

ዳኛው ሰዓታቸውን አይተው ባጭሩ ምን እንዳሉ ጠየቁት።

«ወንዙ ከቋጥኙ እስከ ሾላው ይወርዳል ነው የሚሉት፣ ጌታዬ» አለ ጨመዳ።

ጸሐፊው «ወሰኑ ከቋጥኙ እስከ ሾላው» ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ቃላድ ጣዮቹ ያችን ወረቀት ይዘው ወረዱ፤ የመለኪያ ገመዱን ከቋጥኙ እስከ ሾላው ወጥረው ሳቡት። ገመድ ምን ያድርግ፣ ሲወጠር ቀጥ ከማለት በቀር አያውቅም። የሎሚ ጎጆ ከነቡናው፣ ከነመቃብሩ ለነመራ ሆነ።

ሎሚ ወደ ጨመዳ ደጅ መጣች። አልጮኸችም፣ አልረገመችም። እንደ ወጉ የቤተሰቡን ደህንነት ሁሉ ጠይቃ ስትጨርስ በኦሮምኛ እንዲህ አለችው፦

«ኦቦ ዳዲ ብዙ ተናገሩ፤ አንተ ትንሽ ተናገርክ። የቀረው የት ሄደ?»

ጨመዳ ፍርዱ እንደገና እንዲታይላት ለማመልከት ገና ጊዜ እንዳላት ብቻ ነገራትና በሩን ዘጋ። ለዳኛው ሄዶ ቢናገር እንጀራው ነው የሚቆረጠው፤ ዝም ቢል ደግሞ ያች ሴት ከባሏ መቃብር ላይ ተነቅላ ልትሄድ ነው። ሲያመነታ ከርሞ እግሩ የወሰደው ወደ እትዬ በዛብሽ ነበር።

እትዬ በዛብሽ ከጎጃም የመጡ፣ የቀሚስ ጥልፍ የሚጠልፉ ጎረቤቱ ናቸው። ውሃ ሲጣመም በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠየቃቸው። ሳቁበት፤ የፍርድ ቤት አፍ የሚባለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል ብለው አላሰቡም። ፊቱን ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡና ከድውራቸው ክር በጥሰው ሰጡት፤ አጎዛው ላይ እንደ ጅረቱ አድርጎ እንዲያስተኛው አዘዙት። እሱ ክሩን ያስተኛል፤ እሳቸው በመርፌያቸው እየተከተሉ ይናገራሉ። እዚህ ዘመም ይላል፤ እዚህ ይጠማዘዛል። ይህኛው ቆልመም ያለ ነው፣ ያኛው እንደ እባብ መጥመልመሉ ነው። ይህ ትልቁስ? ይላል እሱ። ይህ ዘልቆ ገብቶ ዞሮ ይቀለበሳል። ጨመዳ እንደ ተማሪ እየደገመ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ሲወጣ ሲገባ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየ ሁሉ አበደ ብሎታል።

የሎሚ ማመልከቻ በዚያው ዳኛ ፊት በታየ ዕለት አስተርጓሚው ጨመዳ ከቦታው ተነስቶ ምስክሮች የሚቆሙበት ላይ ቆመ። የኦቦ ዳዲን ቃል አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ሳያስበው ወገቡም አብሮ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ችሎቱ ሳቀ። እሱ ግን ሾላው ሥር እስኪደርስ አላቆመም።

«ያን ጊዜ ለምን አልተናገርክም?» አሉ ዳኛው።

ወለም ዘለም ማለት ይችል ነበር። ምስክሩ አልተሰሙም፣ ሰዓቱ መሽቶ ነበር፣ ማለት ይቻላል።

«አላውቀውም ነበር፣ ጌታዬ» አለ። «ቃሉ አልነበረኝም፤ እንዳያፍሩብኝ ብዬ አሳጠርኩት።»

ዳኛው ጸሐፊውን ከሽማግሎች ጋር በጅረቱ ዳር በእግሩ እንዲሄድ ላኩት። እጥፋቱ ለሎሚ ተመለሰ። ጨመዳ ደግሞ አላውቅም ያለ አስተርጓሚ ምን ይሠራል ተብሎ በዚያው ሳምንት ተሰናበተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እሱ ግን ለሰው ለቅሞ የራሱን አፈሰሰ። እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚያ ደጃፍ ከተዋሉት ውሎዎች ሁሉ የዚያን ቀኑን የሚያህል የለም።

ከዚያ ወዲያ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ራፖር፣ የባለጉዳይ አቤቱታ፣ ይጽፍ ጀመር። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ባንድ ገጽ የሚጨርሱትን እሱ ሦስት ገጽ ያስኬደዋል። «ጨመዳ ጠመዝማዛው» ብለው ስም አወጡለት፤ ሲጠሩትም አቤት ይላል። የወሰን ነገር ያለበት ሰው ግን ከአርጆ ሳይቀር እሱን ፍለጋ ይመጣ ነበር። ሁሉንም ከልብ ያዳምጣል፤ ባጭሩ በሉ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

የሞተው በታኅሣሥ ወር ነው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ። ሊቀበር ወደ ትውልድ ቦታው ሲወሰድ የተሸከሙት የከተማ ሰዎች ደክሟቸው ነበር። ቋጥኙ ጋ ሲደርሱ ሾላው ወዲያ ማዶ ታያቸውና የነመራን የታጨደ ማሳ አቋርጠው ሊሄዱ ቃሬዛውን አዞሩ። በትሯን ተመርኩዛ ስትጠብቃቸው የቆየች አንዲት አሮጊት መንገዱ ላይ ቆመች። ሎሚ ነበረች።

«እሱን ባጭሩ አትውሰዱት» አለች። «ወንዙ በሄደበት ውሰዱት።»

ፀሐዩ ቢያቃጥልም የተከራከራት አልነበረም። እሷ ፊት ፊት፣ እነሱ ከኋላ ሆነው በጅረቱ ዳር ወረዱ። ውሃው በዞረ ቁጥር ቃሬዛው ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ዘመም እያለ ይከተላል። እጥፋቱ ጋ ሲደርሱ በቡናዋ መሃል፣ በባሏ መቃብር አጠገብ አሳለፈቻቸው።