ጋቢ ስር የተደበቀው እግር

አባቴ ሲሬ ገበያ ደርሶ ከጭነት መኪና ሲወርድ ቀኝ እግሩ ወለም አለው። በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋ የሚያሳድገኝ ሰው ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ እግር ነው፤ የስፌት መኪናውን የሚረግጠው እሱ ነውና።

ቁርጭምጭሚቱ እንደ ዳቦ ተነፋ። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክመው ረዳት፣ አየውና አጥንቱ እንዳልተሰበረ፣ የተጎዳው ጅማቱ እንደሆነ ነገረን። እብጠቱ እስኪጎድል ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ ያሳርፈው፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንቀሳቀስ ነው አለ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ዙሪያውን፣ ቀጥሎም ግድግዳ ይዞ በጣቶቹ መቆም። ትንሽ ቢያመው እንዳይደነግጥ፣ ተኝቶ ከከረመ ግን እግሩ እንደሚደርቅ አስጠነቀቀን። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ጎረቤቶቻችንን ረስቼ ነበር።

"ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው" ያለው ሰው ነቀምቴ ታሞ አያውቅም። እዚያ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። አባቴ ደግሞ ይሉኝታው ለጉድ ነው። ሊጠይቀው በመጣ ሰው ፊት እግር ዘርግቶ ማወዛወዝ ነውር ነው አለኝ። እንቅስቃሴውን ገና ስንጀምር በር ላይ "አከም ጅርቱ?"፣ እንደምን ናችሁ ይባላል፤ እግሩ እልም ብሎ ጋቢ ስር ይገባል። ከሰው ቤት የመጣ ምግብ እየበላሁ ያመጣውን ሰው ስረግም ዋልኩ።

ከሁሉም የባሱብኝ ጎረቤታችን ሽማግሌው ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበሩ በየከሰዓቱ ሊጸልዩለት ይመጣሉ፤ ጸሎታቸው ይረዝማል፣ ጨዋታቸው ደግሞ ከጸሎቱ ይብሳል። ጋቢው ነቅነቅ ካለ "ሂን ሶቾሲና" ይሉታል፣ አያንቀሳቅሱት ማለታቸው ነው። የድሬሰሩን ቃል ብነግራቸው፣ ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን ተኝቶ ሲራገጥ አይቼ አላውቅም ብለው ሳቁ። አልፈውም አባቷን ዕረፍት የነሳች ልጅ አሉኝ።

በዚህ መሀል እግሩ እየደረቀ ሄደ። ወደ ጓሮ ሲወጣ ይጎትተዋል፤ ተረከዙ መሬት መንካት አቃተው። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ እየመጡ፣ ለአባቴ ምሕረት ተመኝተው፣ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ።

ሲብስብኝ የስፌት መኪናውን ከበረንዳ አስገብቼ አልጋው አጠገብ አቆምኩት። መዘውሩን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውንም አወለቅኩ፤ ባዶውን ሲረገጥ ይቀላል ብዬ ነው። ሽማግሌው ምንድን ነው ቢሉኝ፣ መኪና ካልተረገጠ ይዝጋል አልኳቸው።

"ሥራ ከሆነማ ደግ ነው" አሉ።

ለእግር ሲባል ነውር የነበረው ለብረት ሲባል ተፈቀደ። ጭራሽ በማግስቱ የተቀደደ ሱሪያቸውን አምጥተው ረግጦ ሲያበቃ ይስፋልኝ ብለው ሄዱ። ልሳቅ ወይስ ልጩህ?

አባቴ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አሳርፎ አይረግጥም። ቤት ውስጥ አንድም እንግዳ አልነበረም። ትዕግሥቴ አለቀና እንግዳ የለ፣ ነውር የለ፣ ከዚህ ወዲያ ምን ትጠብቃለህ ብዬ ጮኽኩበት። አባቴ ላይ ስጮኽ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና ብሎ አላየኝም። "ጋቢ ስር እስካለ ድረስ የታመመ እግር ነው" አለ። "ረግጬበት እምቢ ካለኝ ግን ሽባ ሆንኩ ማለት ነው። ያን ጊዜ አንቺን በምን አሳድግሻለሁ?"

ያን ሁሉ ጊዜ እንግዶቹ እንቅፋት የሆኑብን መስሎኝ ነበር፤ ለካ መሸሸጊያው ነበሩ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና መርገጫውን በእጄ ጫን፣ ለቀቅ አደርግለት ጀመር። እግሩ ከላይ ሆኖ አብሮ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጥርሱን ነከሰ እንጂ እግሩን አላነሳም። እያደር እጄ ቀለለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት እጄን ባነሳው መርገጫው አልቆመም።

በር ላይ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንደ ልማዴ ጋቢውን አየሁት፤ ከጉልበቱ ወርዶ መሬት ላይ ነበር።

"ይግቡ" አላቸው አባቴ፣ እየረገጠ። "ሱሪዎ ገና አልደረሰም።"