በአባቴ ኪስ የሄደው ቁልፍ

የፍኖተ ሰላም ሰፈራችን ኮብልስቶን እኛ በር ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ከጭቃው ማዶ ያሉ ጎረቤቶች መኪናና ባጃጃቸውን እኛ በር ላይ ያቆማሉ፤ ልጄ ደግሞ በየማለዳው ይነጫነጫል። ባለፈው ሳምንት ለሥራ ባሕር ዳር መሄድ ነበረበት። ቁርሱን እየበላ፣ «በሚኒባስ ነው የምሄደው» አለኝ።

«መኪናህ ተበላሸች እንዴ?»

«ምንም አልሆነችም። ካነሳኋት ግን ቦታውን ይይዙብኛል። እዚያው ትቁም።»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ልጄ የአያቱን መልክ እንጂ ጠባዩን የወረሰ አይመስለኝም ነበር።

እኔ ያደግሁት ቡሬ ነው። አባቴ በአይሱዙ በርበሬና በቆሎ ይጭን ነበር። በአጥር የሚዋሰኑን አያ አንማው ደግሞ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም የሚመላለስ ሚኒባስ ነበራቸው። መንገዳችን በበጋ አቧራ፣ በክረምት ቀይ ጭቃ ነው፤ ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ጭቃ። አንድ በጋ ሁለቱ ተማክረው በሁለቱ ቤቶች በር መካከል ገረጋንቲ አፈሰሱ። አባቴ በመኪናው አመላልሶ አራገፈ፤ አያ አንማው ከልጆቻቸው ጋር በትነው ደለደሉ። ደረቅ ቦታ ወጣው፤ ግን ለአንድ መኪና ብቻ። ያኔ ይህን ማንም ነገሬ አላለውም። ቀድሞ የመጣ ያቆማል፤ የጫነ ከመጣ ባዶው ይለቅለታል። ስምምነቱ ይኸው ነበር።

የአያ አንማው ባለቤት እትዬ የሻረግ ይባላሉ። ከልጃቸው ከትብለጥ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሹሩባ የሚሠሩኝ እሳቸው ነበሩ። የእናቴ እጅ ጠጉር ይነቅላል፤ የእሳቸው ግን እንቅልፍ ያመጣ ነበር።

አንድ የሐምሌ ምሽት አባቴ በርበሬ ጭኖ ሲመጣ ሚኒባሱ ቦታው ላይ ቆሟል፤ አያ አንማው ደግሞ ማኅበር ሄደዋል። አይሱዙው ጭቃው ውስጥ አደረ። ሸራው ቀዳዳ ነበረውና በርበሬው ዝናብ ገባበት። ጠዋት አባቴ የረጠበውን ጆንያ እያወረደ፣ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ!» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

አያ አንማው ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ገረጋንቲው ያንተ እንደሁ ዝቀህ ውሰደው። ድልዳሉ ግን የኔ ላብ ነው» አሉት።

ከዚያ ወዲያ በወንዶቹ መካከል ሰላምታ ቀረ። ሴቶቹ ግን ተደብቀው በአጥር ቀዳዳ ጎመንና ወሬ ይቀባበሉ ነበር።

ነሐሴ ገባ። አባቴ በየዓመቱ ለፍልሰታ ከጅጋ ወዲያ፣ በትውልድ ቀበሌው ቤተ ክርስቲያን ሱባዔ ይገባል። በነሐሴ ጭነት የለም፤ አይሱዙውን ደረቁ ቦታ ላይ አቆመ፣ ማርሽ አስገባ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ፣ ካቢናውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ቁልፉን እንኳ ተውልን» አለችው እናቴ።

«አንችየ፣ አንች ደግ ነሽ፤ ትሰጫቸዋለሽ» አለና የሽንብራ ቆሎውን ይዞ ሄደ። ለነፍሱ ሊጸልይ የሚሄድ ሰው ቦታ የሚጠብቅለት መኪና አቁሞ ሲሄድ ያኔ ማናችንም አልሳቅንም። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ሳቄ ሳያልቅ ግን ሆዴ ይባባል።

ፍልሰታው ሊያልቅ ሲል እትዬ የሻረግ ድንገት ሆዴን እንዳሉ ሞቱ። የእድሩ ጡሩምባ በዝናብ ውስጥ ሲነፋ እናቴ በባዶ እግሯ ወጣች። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ። አለቃቸው፣ «ልጄየ፣ የመኪናውን ቁልፍ አምጭልን፤ ድንኳኑን ደረቁ ላይ እንትከል» አሉኝ።

«አባባ ይዞት ሄዷል» አልኩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔ በኪስ የሚያዝ ስልክ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ወደ አባቴ የተላከው ሰው ወንዝ ሞልቶበት ተመለሰ። ጎረምሶቹ መስታወቱን ሰብረን እንግፋው አሉ፤ እናቴም «ስበሩት!» አለች። አያ አንማው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

«ተዉት። ሱባዔ የገባ ሰው ንብረት አይሰበርም። እዚሁ ትከሉት።»

ድንኳኑ ጭቃው ላይ ተተከለ። ገለባ ቢጎዘጎዝም ወዲያው ሰጠመ። ሽማግሌዎች እግራቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ተቀምጠው አመሹ፤ አይሱዙው ከጎናቸው ደረቁ ላይ ቆሞ። ትብለጥን ልይዛት ስጠጋ እጄን አስለቀቀችኝ።

«እናቴ ጭቃ ላይ ተለቀሰላት» አለች።

አባቴ ጾሙ ተፈትቶ ሲመጣ ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበር። በሩ ላይ ቆመ። «ማን ነው?» አለኝ።

«እትዬ የሻረግ ናቸው።»

እጁን ኪሱ ከተተ። ቁልፉን አውጥቶ መኪናውን አየ፣ ድንኳኑን አየ። ከዚያ ቁልፉን እንደጨበጠ በጭቃው ውስጥ ወደ ድንኳኑ ገባ። ማንም አልተነሣለትም። አያ አንማው ቀና ብለው አዩት፣ አጠገባቸው የተቀመጠውንም ሰው ነካ አደረጉት።

«ጠጋ በልለት። ቦታ አለ።»

አባቴ መቀመጥ አልቻለም። እዚያው እንደቆመ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሁለቱ ታረቁ፤ በየበዓሉም ይጠራሩ ነበር። ያን ቦታ ግን ዳግመኛ ማንም መኪና አላቆመበትም፤ ሣር በቀለበት። ትብለጥ ዛሬም ስንገናኝ ጉንጬን ደጋግማ ትስመኛለች፤ ግን እንደ እንግዳ ነው የምትስመኝ። ይህ እስካሁን ያመኛል። አባቴም እስኪሞት ድረስ ቁልፉን ኪሱ አልከተተም፤ በር ላይ ምስማር መትቶ ይሰቅለው ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ አልነገርኩትም፤ ሚኒባስ ሊያመልጠው ነበር። «ትቁም ካልክ ትቁም» አልኩት። «ቁልፏን ግን በራችን ላይ ካለው ምስማር ሰቅለህ ሂድ።»

«ምን ያደርግልሻል? አንቺ መንዳት አትችዪም!»

«ጎረቤት ይችላል።»

ሳቀብኝና ሰቅሎት ሄደ። እኔ ግን ምስማሩንም አላመንኩትም፤ የተሰቀለ ቁልፍ እስኪለመን ይጠብቃል። ዝናቡ ጋብ ሲል አወረድኩትና፣ ጭቃውን ተሻግሬ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።