ጳጉሜን የማያውቀው ክፍል

ባሌ ፋሲል ዕቃ ቦታውን ሲለቅ አይወድም። መቀስ ከመሳቢያ ወጥቶ ሶፋ ላይ ካደረ ጠዋት ፊቱ ይጠቁራል። በተጋባን ሰሞን ይሄ ያናድደኝ ነበር። «መቀሱን ነው ያገባኸው ወይስ እኔን?» እለዋለሁ፤ እሱም ቆም ብሎ ያስብና «አንቺን፤ ግን መቀሱም ይመለስ» ይለኛል። የኔ ቁጣ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። እሱ ከመቀስ ሌላ የሚቆጣበት ነገር የለውም።

ከጎንደር ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሊማር መጥቶ እዚሁ ቀረ። ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። እኔ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ የእናቶችና ሕፃናት ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው፤ የተዋወቅነውም የክሊኒኩን ፕሮግራም ሊሠራ ሲመጣ ነው። በመስኮቱ በኩል ጥያቄ አያልቅበትም ነበር። ካርድ ሲጠፋ ምን ታደርጊያለሽ? ቀጠሮ ሲለወጥ ለማን ይነገራል? እኔ እኮ ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ ዳር ዳር የሚል መስሎኝ ነበር። ለካስ ሰውየው የምሩን ስለ ካርድ ነው የሚጠይቀኝ፤ ሌላው የመጣው ከርሞ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠረበት ቦታ ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም አስረክበውት ነበር። ደረሰኙን ሲያስተካክል የዕቃ ግምጃ ቤቱ ይበላሻል፤ ግምጃ ቤቱን ሲያቃና የሠራተኞች ስም ይጠፋል። የጻፈው ሰው አገር ለቆ ሄዷል። «ሁሉም ነገር ከሁሉም ነገር ጋር ተቋጥሮ ነበር» ይላል ፋሲል ያንን ሲያነሳ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ላላወርስ ብሎ የማለው ያኔ ነው።

የክሊኒኩን ፕሮግራም ስለዚህ በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ ሠራው። ካርድ የሚያወጣው ክፍል ካርድ ብቻ ያወጣል። ቀጠሮ የሚይዘው ቀጠሮ ብቻ ይይዛል። ቀንና ወር የሚቆጥረው ደግሞ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ቀን ሲፈልጉ እሱን ይጠይቃሉ እንጂ ራሳቸው አይቆጥሩም። አንዱ ሲበላሽ ያንኑ ማደስ ነው፣ ሌላው አይነካም። እኔም «ክፍሎችህም እንዳንተው ጥያቄ አያልቅባቸውም» እያልኩ እተርበው ነበር።

በየክፍሉ አናት ላይ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚናገር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ያስቀምጣል። እራት ላይ ያነብልኛል፤ ካልገባኝ ይሰርዘዋል።

«እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም፣ ምን አስጨነቀህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አንድ ቀን እኔን የማያውቅ፣ ሥራ ውሎ የደከመው ሰው ይከፍተዋል። ለሱ ነው የምጽፈው።»

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ማርቆስ ግን «ሌላው በሳምንት የሚጨርሰውን አንተ ወር ትፈጅበታለህ» እያሉ ያማርሩ ነበር። ወር ይፍጅ እንጂ ፕሮግራሙ ለዓመታት አላስቸገረንም።

ባለፈው ሰኔ፣ በዝናብ፣ ፋሲል የተሳፈረበት ባጃጅ ከታቦር ተራራ ሲወርድ ተገለበጠ። የተሰበረው እጁ ዳነ። ጭንቅላቱ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም። ሰው አይረሳም፤ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ብዙው ነገር ግን ጠፍቶበታል። አዲስ የሚያነበውም ገጹ ሳያልቅ ይተንበታል። ሁለት ነገር አንድ ላይ ለማሰብ ሲሞክር ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ይቀመጣል። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል አለን። ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይለኛል። ሰምቼ ሰምቼ መረረኝ፤ እንቁላሉ ያለው እኔ ቤት ነዋ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በሩ ላይ ጠራኝ።

«ሄራን፣ ለአቶ ማርቆስ ንገሪልኝ። ሌላ ሰው ይፈልጉ። ያን ሁሉ ነገር ከእንግዲህ እዚህ መያዝ አልችልም» አለና ግንባሩን ነካ።

እሺ አልኩት። አቶ ማርቆስን ባየሁ ቁጥር ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ፋሲል ያለ ሥራው ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አልፈልግም ነበር። ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መስሎኝ ሳልነግራቸው ቀረሁ።

እሱ በተኛበት ጊዜ ሥራውን የምትሸፍንለት ኢክራም ናት፤ የመመረቂያ ሥራዋን ያማከራት ልጅ ነች። ጎበዝ ናት፣ ችኩልም ናት። ለፕሮግራሙ አንድ አዲስ ክፍል ጨመረችለት። ቀጠሮ ሲያዝ ቀኑን ለታካሚዋ ስልክ በመልእክት ይልካል። እናቶቹ ወደዱት።

ጳጉሜን አንድ እሑድ ስለነበር ዝግ ነበርን፤ በማግስቱ፣ ጳጉሜን ሁለት፣ ክሊኒኩ ጭር አለ። ቀጠሮ ከነበራቸው አብዛኞቹ አልመጡም። የበዓል ገበያ ይዟቸው ይሆናል ብዬ ነበር፤ የኑሪያ መቅረት ግን አላስቀመጠኝም። ኑሪያ መውለጃዋ የደረሰ፣ ደም ግፊቷ ከፍ ያለ እናት ነች፤ ሐኪሟ በሦስት ቀን ተመለሺ ብሏት ነበር። ደወልኩላት።

«እህቴ፣ ምነው ቀረሽ?»

«ቀጠሮዬ መስከረም ሁለት አይደል እንዴ? መልእክቱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አሁኑኑ ተነሺና ነይ» አልኳት። መጣች። ግፊቷ ጨምሮ ነበር፤ አስተኝተው ተከታተሏትና ተረጋጋላት። የቀሩትን እናቶች በስልክ ስንጠራ ዋልን። አቶ ማርቆስ ተቆጡ፤ እውነታቸውን ነው። «በዓሉ ሳይገባ ካልተስተካከለ ፕሮግራሙን አውጥተን ጥለን ሌላ ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት፣ እኔም ገና ሳልወጣ፣ ኢክራም ላፕቶፗን ይዛ ቤታችን መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ልረብሽዎት አልፈለግኩም ነበር። ቀን የሚቆጥረውን ክፍል ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተቱን አጣሁት። ከፈቀዱልኝ ከሥሩ ልለውጠው ነው።»

ፋሲል ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። አልነገርሽም እንዴ የሚል አስተያየት ነበር። «እኔ አሁን…» ብሎ ጀመረና ተወው፤ ኢክራም ክፍሉን ከፍታ ፊቱ አስቀምጣለት ነበር።

ከኋላው ቆሜ እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ። በጣም ፈርቼ ነበር። እያነበበ ቢጠፋበት፣ እዚያው ልጅቷ ፊት ራሱን ይዞ ቢቀመጥ፣ ከዚያ ወዲያ ላበረታው የምችል አልመሰለኝም።

አናቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ። «ይህ ክፍል ቀንና ወር ይቆጥራል። ወሮቹ አሥራ ሦስት ናቸው። ሌላ ሥራ የለውም። ይህን ስታነብ ስለ ካርድም ሆነ ስለ ቀጠሮ ማሰብ የለብህም።»

እንደገና አነበበው። ትከሻው ከእጄ ሥር ሲላላ ተሰማኝ። ክፍሉ አጭር ነው፣ አንድ ገጽ አይሞላም። በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስም መጀመሪያው አልጠፋበትም።

«ይሄ ደህና ነው፤ አትንኪው» አላት። «መልእክት የሚልከውን አሳዪኝ።»

«እሱማ ልክ ነው፣ ጋሼ። የወር ቆጠራውን ለትምህርት ቤቶች ከሠራሁት የደሞዝ ፕሮግራም ነው የወሰድኩት። እስካሁን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።»

ፋሲል ቀስ ብሎ ዞረ። «የደሞዝ?» አለ።

ኢክራም አፏን በእጇ ያዘች።

ለጳጉሜን ደሞዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የት አለ? በደሞዝ ፕሮግራም ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው። ከነሐሴ ቀጥሎ መስከረም ይመጣል። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጡት ዞሮ ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ እንኳ ወዲያው ገባኝ፤ ጳጉሜንን ኪሱ ያላስተማረው ደሞዝተኛ የለም።

«መልእክት የሚልክ መልእክት ይላክ እንጂ ወር አይቁጠር» አለ ፋሲል፣ በድሮው ድምፁ። «ቆጠራውን አውጪና ያኛውን ይጠይቅ።»

ኢክራም የራሷን ቆጠራ ሰረዘችና በቦታው አንድ መስመር ጻፈች። ካርዱም ቀጠሮውም እንዳለ ቀረ። በኔ ስም ቀጠሮ ይዘው ሞከሩት፤ ስልኬ ጮኸ። ጳጉሜን አራት ይላል። ለአቶ ማርቆስ ልትደውል ወደ በረንዳ ወጣች።

ፋሲል ወደዚያ አጭር ጽሑፍ ተመልሶ ነበር።

«ሄራንዬ» አለኝ፣ «ይሄን የጻፈው ሰው ደግ ነው።»

«አንተ ነህ የጻፍከው። እራት ላይ አንብበህልኝ፣ አልገባኝም ብዬህ እንደገና የጻፍከው ነው።»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ። ለደከመ ሰው ነው ብለኸኛል።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። እሱ እጄን ከትከሻው ላይ አንስቶ በእጁ ያዘ። ሲደክመው እንደሚያደርገው ዓይኑን ጨፈነ።

«አንድ ክፍል፣ ከዚያ ሲያርፉ ሌላ ክፍል» አለ። «እንደዚህ ከሆነ እችላለሁ። ለአቶ ማርቆስ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«አትንገሪያቸው» አለኝ።