ነፃ፣ ቢላሽ፣ ብላሽ

«ብላሽ አሉኝ። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። አንተ ደግሞ ጠበቃ ሆነህ ቆመህላቸዋል» አሉኝ እትዬ።

እትዬ የምሠራበት ኢንተርኔት ቤት ባለቤት ናቸው። ጣታቸው የተቀሰረው ከመቂ በመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ላይ ነበር። አዛውንቱ ግን ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሠርግ እንደሚያይ ሰው ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል።

«አልሰደቡዎትም እትዬ። በኦሮምኛ ቢላሽ ማለት ያለ ክፍያ ማለት ነው። በነፃ ነው ወይ ብለው ነው የጠየቁት» አልኳቸው።

«ማን በነፃ ነው አላቸው?»

ያልኳቸው እኔ ነበርኩ።

ኢንተርኔቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ቆይቶ ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ቀን ነው የተመለሰው። እኔም በደስታ ስንኝ ቋጥሬ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ፦

አፍ ከተለጎመ ጆሮ ምን ሊያዳምጥ፤
መስመር ነፃ ይሁን፣ ዳግም አይቋረጥ።

ከዚህ ሁሉ የአዳማ ሰው ያነበበው አንዲት ቃል ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ «ነፃ ነው አሉ» እያለ የማይገባ አልነበረም። ሁለት ተማሪዎች አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠቅመው ሲወጡ፣ ሒሳብ ስንላቸው ወረቀቱን በአገጫቸው አሳዩን። ኦሮምኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ነፃነት ቢሊሱማ ነው፤ የማይከፈልበት ነገር ደግሞ ቢላሽ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። ሁለቱንም ቋንቋ በአንድ ሰፈር እየሰማሁ አድጌ ይህን አለማሰቤ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። አዛውንቱም አማርኛ ስለማያነቡ ወረቀቱን ያስነበቡት መንገደኛ «ቢላሽ ነው» ብሎ ተርጉሞላቸዋል።

እትዬ ወሎዬ ናቸው። ለእሳቸው ብላሽ የተበላሸ፣ የማይረባ ነገር ነው። ኮምፒውተሮቹ ለሳምንታት ጨርቅ ለብሰው ሲያያቸው የከረመ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

«ወረቀቱን አንሳ» አሉኝ።

አላነሳሁም። በዚያ ቤት ውስጥ የግጥም ትምህርት ቤቴ የነበረው አራተኛው ኮምፒውተር ነው። ደንበኛ ሲጠፋ እዚያ ቁጭ ብዬ ስንኞቼን እለጥፋለሁ፤ ፊታቸውን አይቼ የማላውቃቸው አንድ ሰው ደግሞ ከሌላ ከተማ «ይህ ቤት አልመታም»፣ «ይህች ቃል ትርፍ ናት» እያሉ ያርሙልኛል። ለዚህ ሳንቲም ጠይቀውኝ አያውቁም። መስመሩ በጠፋባቸው ሳምንታት ያለ እሳቸው እርማት ብዙ ጻፍኩ፤ ሲመለስ አንዴ ሳነበው ግን ግማሹ ትርፍ ቃል ነበር። ይህን ለእትዬ እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ አዛውንቱ ፌስታላቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።

የቲማቲም ቅጠል ነው። ቡናማ ቡናማ ነጥብ አለበት። ከጎኑ ያልተከፈተ የመድኃኒት ጠርሙስ አቆሙ። ከዚሁ ከአዳማ ያን ጠዋት የገዙት የተባይ መድኃኒት ነው። ጎረቤታቸው ማሳው እንዲህ ሲሆንበት ፎቶ አንስቶ በስልኩ የሚያውቁ ሰዎችን ይጠይቅ ነበር። መስመሩ በተቋረጠ ሰሞን ግን የሚጠይቀው አጥቶ፣ ያገኘውን ሲረጭ ሰንብቶ ማሳው በሙሉ አለቀበት። አሁን ነጥቡ ወደ እሳቸው ተሻግሯል። የእሳቸው ስልክ ፎቶ የማያነሳው ዓይነት ነው።

«ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ እስቲ ጠይቅልኝ» አሉኝ። «ዛሬ ካልረጨሁ ነገ ምን እረጫለሁ?»

ቅጠሉን ፎቶ አንስቼ አትክልት አምራቾች በሚነጋገሩበት ገጽ ላይ፣ በሰባራ እንግሊዝኛዬ ጽፌ ለቀቅኩት። እትዬ ከኋላዬ ቆመው፣ ሰው የማያውቀውን ሰው አምኖ ማሳውን ይሰጣል ወይ እያሉ ያጉረመርማሉ። ብዙም ሳይቆይ ኬንያ ውስጥ ቲማቲም የምታመርት ሴት መለሰችልን። ምንም ሳትረጩ ቅጠሉን ገልብጡት፣ የታች ጎኑን እዩት አለች።

አዛውንቱ በወፍራም ጣታቸው ገለበጡት። ከሥሩ ነጭ፣ እንደ ዱቄት ብናኝ ያለ ነገር ለብሷል።

«ሻጋታ ነው» አሉ እትዬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ለካ ከእኔ ቀድመው ጎንበስ ብለው ኖሯል።

ሴትየዋም ያንኑ አለች። ተባይ አይደለም፤ የተባይ መድኃኒት አይነካውም፤ ለሻጋታ የሚሆነውን ፈልጉ፣ እዚያ ያለ ባለሙያም ይየው። አዛውንቱ ሦስት ቀን ሙሉ ጉም እንደነበር አስታወሱ። ከዚያ ጠርሙሱን አንስተው ማሸጊያውን ዳሰሱ። አልተከፈተም፤ ይመለሳል። ግን ዕለቱ ዓርብ ነው፣ መድኃኒት ሻጩም ለጁምዓ ሊዘጋ ነው።

ቅጠሉን ወደ ፌስታሉ ሰብስበው ኪሳቸውን መዳበስ ሲጀምሩ እትዬ እጃቸውን ያዟቸው።

«ይተዉት አባባ። የዛሬው ብላሽ ነው።»

አዛውንቱ እየሳቁ «ቢላሽ» ብለው አረሟቸው፤ ድምፁን ሳብ አድርገው፣ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው።

«እሱኑ ነው ያልኩት» አሉ እትዬ።

አዛውንቱ ሴትየዋን እንዳመሰግንላቸው አዘዙኝ። «ገለቶሚ በላት፤ ባይገባትም በላት።» ጻፍኩላት። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ ባነሳኋት ቁጥር ያ በሩ ላይ የለጠፍኩት ስንኝ ለእሷ የተጻፈ ይመስለኛል።

እትዬ ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ከግጥሜ ሥር፣ መስመሩ ጠማማ ሆኖ፣ «ሒሳብ ግን ይከፈላል» ብለው ጻፉ። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አጥልቀው፣ ጠርሙሱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በአጠገባቸው አለፉ። የእግዜሩን ንፋስ ፈርተው ይሁን ለወረቀቱ ሳስተው፣ በሩን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ከውጭ ዘጉት።