የታመመ ልብ ዘበኛ

ሲጢጥ! ይል ነበር ያ የሽቦ አልጋ። ይህን ድምፅ ጆሮዋ የለመደው ገና የወተት ጥርሷን ነቅላ ሳትጨርስ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊጥ ሲያቦኩ የኖሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ። ልባቸውን ያመማቸው ጊዜ የዘመኑ ሐኪም «ከአልጋ እንዳይወርዱ፤ ልብ የሚድነው ሲያርፍ ነው» ብሎ አዘዘ። እናቷ ሥራ ስለምትውል ለልጅቱ በሩ ላይ በርጩማ ተደረገላት። አልጋው ሲጢጥ ባለ ቁጥር ዘላ ትገባለች።

«እሜቴ፣ እስቲ ጫማዬን አቀብይኝ፤ እደጅ ደርሼ ልመለስ።»

«አይቻልም፣ አባዬ። ዶክተሩ ይቆጣል።»

«አንቺስ ከዶክተሩ ትብሻለሽ!» ይሉና ስቀው ይተኛሉ።

ይህን ያየ ጎረቤት «ዘበኛዋ» አላት። አባቷ ከዚያ አልጋ ሳይወርዱ አረፉ፤ ስሙ ግን አብሯት አደገ። ልብስ ስፌት ስትማር ዘበኛዋ፣ ስታገባ ዘበኛዋ፣ ልጆቿን ስትድርም ዘበኛዋ። ከፍቷት አያውቅም። አባቷን እስከ መጨረሻው አሳምራ ጠብቃለችና ስሙን እንደ ሽልማት ይዛው ኖረች።

አሁን ደግሞ ተራው የባሏ ሆነ። ባሏ መሰላል ላይ ያረጀ፣ ጨዋታ የማያልቅበት ቀለም ቀቢ ነው። ልቡን ድንገት አሞት ሆስፒታል ከርሞ ሲመለስ፣ ዘበኛዋ የስፌት መኪናዋን አንስታ መኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተከለችው። ጫማውን ጨርቅ ሣጥኗ ውስጥ ቀበረችው። ካልሲውን እንኳ የምታጠልቅለት እሷ ናት።

«አለቃዬ፣ ማዛጋትስ ይፈቀዳል?»

«ቀስ ብለህ ከሆነ።»

ሰውዬው ግን ከቀን ወደ ቀን እየሟሸሸ ሄደ። እግሩ ሰለለ። መጸዳጃ ቤት ደርሶ ሲመለስ ያለከልካል። እሷም «ይኸው፣ ልቡ ገና ነው» ብላ ጥበቃዋን አጠበቀች።

ለክትትል የሄዱ ዕለት ሐኪሙ አገላብጦ መረመረውና፣ ለልብ ሕመምተኞች የአካል እንቅስቃሴ ወደምታዝ ፊዚዮቴራፒስት ላካቸው። ባለሙያዋ የልጅ ልጅ ታክላለች። ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፋ መራመጃ ማሽን ላይ አወጣችው። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር ዘበኛዋ የወንበሯን ጠርዝ ጨምድዳ ያዘች። በስክሪኑ ላይ መስመሩ ይዘላል፤ በባሏ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ።

«አውርጂው ልጄ! ልትገድይብኝ ነው?»

«እያየሁት ነው፣ እናቴ። አባባ፣ ደረትዎን ያመዎታል?»

«ደረቴስ ደህና ነው። ያመመኝ የሷ ጩኸት ነው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ዓይኗን ግን ከመስመሩ አልነቀለችም። ሲበቃው አወረደችውና ትእዛዟን ነገረቻቸው። በየቀኑ ሜዳ ሜዳውን፣ ለጊዜው ቅርብ ቅርቡን፣ በእግር መሄድ፤ በዝግታ ጀምሮ በዝግታ መጨረስ። «እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልኩ ነው። ለማውራት ትንፋሽ ካጠረዎት ይቀንሱ። ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ግን ወዲያው ቆመው ሰው ይጥሩ።»

«ልብ የሚድነው ሲያርፍ አይደለም እንዴ?» አለች ዘበኛዋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ዱሮ እንደዚያ ይባል ነበር፣ እናቴ። አሁን ግን ብዙ መተኛት ራሱ እንደሚጎዳ ታወቀ።»

ዱሮ። እንግዲያ ያች በርጩማ ላይ ተቀምጣ የነበረችው ልጅ ምን ስትጠብቅ ነበር?

እቤት ሲገቡ ጫማውን አውልቃ እንደ ልማዷ ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገባች እንጂ አልሰፋችም። ከውስጥ አልጋው ሲጢጥ አለ።

«አለቃዬ፣ እስቲ ጫማዬን አቀብይኝ። እደጅ ደርሼ ልመለስ።»

ያው የአባቷ ቃል ነው። የአባቷን ነገር ነግራው አታውቅም። «አይቻልም» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ብትከለክለው ዓይኗ እያየ አልጋው ይበላዋል። ብትሰጠውስ? መንገድ ላይ ቢወድቅስ?

ሣጥኑን ከፈተች። ቀለም የተንጠባጠበበትን ጫማ አውጥታ ከእግሩ ሥር አኖረች፤ ማሰሪያውን ልትቋጥር ስታጎነብስ እጇን ያዝ አደረጋት።

«ተይ፣ እሱን እኔ ላድርገው።»

ማሰሪያው ሁለቴ አመለጠው፤ በሦስተኛው አሰረው። ሲነሣ ተንገዳገደ። እጇን ዘረጋች፣ መልሳም ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የስፌት መኪናውን ከደጃፉ ገፋ አድርጋ መንገድ ለቀቀችለት። እሱም በሩ ላይ ሲደርስ ግድግዳውን አፍጥጦ አየ።

«ይሄን ግድግዳ የቀባው ማነው ባካችሁ? እጁ ይቆረጥ!»

የቀባው ራሱ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጆሮዋን አቁማ ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሰውዬው ቀቢውን እየተራገመ፣ ቃሉም ሳይቆራረጥ፣ ሳይሰናበታት ወጣ።