ላብ ያጠመቀው ማሽን

ባሕር ዳር ውስጥ ኤሲን ለማሞቂያ የገዛን ሰዎች እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያስገባው ለሚያዝያ ሙቀት ነው። ባለቤቴ በታኅሣሥ ሠራተኛ አምጥቶ ግድግዳ ሲያስበሳ ያዩ ሁሉ "ምነው፣ ጤናችሁ ነው?" አሉን።

ጤናችንስ አልነበረም። ልጃችን በሰባተኛ ወሯ ተወልዳ፣ ሆስፒታል ከርማ፣ ገና ክንድ ሳትሞላ ወደ ቤት ይዘናት ገባን። ሐኪሟ ስታሰናብተን አጥብቃ የተናገረችው አንድ ነገር ነው። "እንዳይበርዳት። እግሯ ከቀዘቀዘና ጡት ከተወች ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት።" ቤታችን ደግሞ ለሐይቁ ቅርብ ነው። በታኅሣሥ ንጋት ከጣና የሚነሣው ነፋስ በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ አጥንት ይፈልጋል። ያን ነፋስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስወደው ኖሬ በዚያ ወር ጠላሁት።

የምተዳደረው በማስተማር ነው፤ በቴክኒክ ኮሌጅ፣ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ። ስለ ማሽኑ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግሁም። ኤሲ ሲያሞቅ እሳት አያነድም። የውጭው ሳጥን ከደጁ አየር ላይ ያለችውን ሙቀት ይለቅማል፤ በቱቦው የሚዞረው ጋዝ ተሸክሞ ወደ ክፍሉ ያመጣታል። ሙቀቱን የሰጠው ሳጥን ግን እሱ ራሱ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ የሐይቁ እርጥበት በቆርቆሮ ክንፎቹ ላይ ውርጭ ሆኖ ይጋገራል። ውርጩ የአየር መግቢያውን ሲደፍነው ማሽኑ ያውቀዋል። ውስጥ መንፋቱን ትቶ፣ ጋዙን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ሙቀቱን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ ይልካል። ውርጩን አቅልጦ ሲያበቃ ወደ ሥራው ይመለሳል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ "ቆመኮ፣ ተበላሸ ማለት ነው?" ይሉኛል። እኔም "አልተበላሸም፤ ለመሥራት ብሎ ነው የቆመ" እላቸዋለሁ። በኛ ከተማ ግን ይህ እምብዛም አያጋጥምም። ብርዳችን ያን ያህል ስላልሆነ ቢበዛ ንጋት ላይ አንዴ ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አራስነቴን ሊጠብቁ ከመራዊ መጡ። በመጡ በማግስቱ ቤቱ የሳቸው ሆነ። መስኮት ዘጉ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፉ፣ ቢላዋ ከራስጌዬ አኖሩ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ አራስ ከደጅ አትወጣም። ነፋስ አለ፣ ዓይን አለ፣ ስሙ የማይጠራም አለ። አስተማሪነቴን ዋጥ አድርጌ እሺ አልሁ። ለመከራከር አቅም አልነበረኝም፤ ደግሞ እውነቱን ለመናገር መንከባከባቸው ደስ ይለኝ ነበር። ስለዚህ በጓሮ የተገጠመውን የውጭውን ሳጥን አንድም ቀን በዓይኔ አላየሁትም። የሚያዩት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ማለዳ ከጓሮ ገብተው አልጋዬ አጠገብ ቆሙ።

"ያ ሳጥናችሁ ላብ አጥምቆት፣ እንፋሎቱ ይወጣል" አሉ።

"ይተዉት እማዬ፣ እንዲያ ነው ሥራው።"

"ላብ ላይ ብርድ ቢመታውሳ?"

"ማሽን ምች አይመታውም" ብዬ ሳቅሁ።

ዝም አሉ። እኔ ሞኟ ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ወሰድሁት። አማቴ ዝም የሚሉት የልባቸውን ሊሠሩ ሲነሡ ነው።

በማግስቱ ባለቤቴ ለጠዋቱ ተራ ወደሚሠራበት ፋብሪካ እንደ ወጣ ማሽኑ ቆመ። ውርጩን ሊያራግፍ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ተነሣ፤ ክፍሉ ገና ለብ ሳይል ደግሞ ቆመ። ሲነሣ የሚነፋው አየር ከበፊቱ የደከመ ነው። ሦስተኛ ሲቆም ከአልጋዬ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። በባሕር ዳር ብርድ ማሽን እንዲህ አይመላለስም። የልጄን እግር ብነካው የሐይቅ ዳር ጠጠር መስሏል። ጡት ሰጠኋት፤ አፏ ውስጥ ይዛው ዓይኗን ጨፍና ቀረች፤ አልሳበችም።

እንዲያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሆስፒታል እንዳልሄድ ባጃጁ ግራ ቀኙ ክፍት ነው፤ የምሸሸው ነፋስ ውስጥ ይዣት ልገባ ነው።

"እማዬ፣ ውጭ ምን አለ?"

"ምንም የለ። እኔ አለሁለት።"

"እንዴት ነው ያሉለት?"

"አልብሼዋለሁ" አሉ፣ ቅር እያላቸው። "በሟቹ ባሌ ጋቢ። በላዩም ላስቲክ ደርቤ አስሬዋለሁ፤ ጤዛ እንዳይገባው።"

ሙቀቱን ከአየር የሚለቅመውን ማሽን አየር ከልክለውታል። ሲታፈን ውርጩ በረታ፤ ውርጩን ሊያራግፍ ቆመ፤ የተሸፈነ ነውና ውርጩ መልሶ ተጋገረበት። ልጄን በእጃቸው ላይ አኑሬ፣ ቢላዋውን ከራስጌዬ አንሥቼ ወደ በሩ ሄድሁ። ልጅቷን እንደታቀፉ መንገዴ ላይ ቆሙ።

"እረ በሥላሴ! አራስ አይደለሽም? በዚህ ማለዳ፣ ጣናው እየነፈሰ!"

"ዞር በይ!" አልኋት። አንቺ ብዬ። ዘወር አሉ።

ሳጥኑ ለገበያ እንደ ተጫነ ጆንያ በገመድ ተጠፍሯል። ገመዱን በቢላዋው በጠስሁ፣ ላስቲኩን ቀደድሁ። ጋቢው ረጥቦ ከክንፎቹ ጋር ተጣብቋል። ስስበው ከኋላው የጣት ውፍረት ያለው በረዶ ነጭ ሆኖ ታየ። በረዶው ራሱን አቅልጦ እስኪነሣ የምጠብቅበት ጊዜ አልነበረኝም። ማሽኑን ከማብሪያው አጥፍቼ፣ ከማድ ቤት ለብ ያለ ውኃ በጆግ እያመላለስሁ አፈሰስሁበት። ውኃው ተመልሶ ቀሚሴን አራሰው፤ ነፋሱ ላዬ ላይ አቀዘቀዘው። እያፈሰስሁ እጮሃለሁ። "ልጄን ልትገድያት ነው? ማን አድርጊ አለሽ?" በረዶው እየተላቀቀ በኮንክሪቱ ላይ ወደቀ። መልሼ ሳበራው የሳጥኑ ማራገቢያ ትንሽ ቆይቶ መዞር ጀመረ።

ስገባ አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የቀሚሳቸውን ደረት ፈትተው፣ ልጅቷን ከልብሷ አውጥተው፣ ገላዋን ከገላቸው አጣብቀው ነጠላና ብርድ ልብስ ደራርበውባታል። ሆስፒታል ነርሶቹ ለኔ ያሳዩኝ ይህንኑ ነበር። ለሳቸው ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ቀና ብለው አላዩኝም። ጉንጫቸው ላይ የወረደው እንባ አልተጠረገም።

ማሽኑ መንፋት ጀምሯል። በመጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ቀጥሎ ለብ ያለ፣ ቀጥሎ ትኩስ።

"ይስጡኝ" አልሁ።

አንድ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው እጄን ያዙ። የሳቸው ይሞቃል። ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ለቀቁኝ።

"አልሰጥሽም" አሉ። "እጅሽ በረዶ ሁኗል። መጀመሪያ አንቺ ሙቂ።"

ማሽኑ ሥር ሄጄ ሁለት እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆምሁ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ ልጄ ጡት እየፈለገች የአማቴን ደረት በአፏ ትዳስሳለች። ድምፁን ስሰማ ወተቴ ወረደ፤ የረጠበው ቀሚሴ ላይ ትኩስ ሆኖ ፈሰሰ። እጄ ግን ገና አልሞቀም ነበር።