ሁለተኛው ጉድጓድ ይሻላል

የጋለ አቧራ ሽታ አለ፤ አሮጌ ኮምፒውተር ተሰክቶ ውስጡ ያለው ማራገቢያ መዞር ሲጀምር የሚወጣው። ባቱ ከተማ በምሠራበት የአበባ እርሻ ቢሮ፣ መጋዘን ተጥሎ የከረመ ኮምፒውተር ባለፈው ሰሞን አምጥተው ሲያበሩት ያ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ቀኝ እጄ ሳላዘው ሄዶ የኪቦርዱ አራት ቀስቶች ላይ ተቀመጠ፣ በንዴትም ጦፍኩ። አዎ፣ በንዴት። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ዓይኑ እንባ ያቀርራል ይባላል፤ ለኔ ግን የታየኝ ታላቅ ወንድሜ ዮኒ ነው፣ ከኳስ መጥቶ፣ ላቡን እንኳ ሳይጠርግ ከኋላዬ ቆሞ «ተነሺ፣ ኤፊ» ሲለኝ።

ቤታችን አዳማ፣ ፍራንኮ ከሚባለው ሰፈር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። አባባ ፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ እማዬም ከሱ ጋር አንድ ኮሌጅ ተምራ፣ እኛን ስትወልድ ሥራ አቁማ ቤት የቀረች ናት። ኮምፒውተሩን አባባ ያመጣው ፈተና ሊያወጣበት ነበር፤ ሳሎን፣ ከሶፋው አጠገብ፣ እማዬ የሠራችው ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ነበር። የዮኒ ጓደኛ ገመቹ አንድ ቀን ጌም በፍላሽ ይዞልን መጣ። መብራት ግንባሩ ላይ ያሰረ ሰውዬ ዘጠኝ ወለል ያለው ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል፣ በየወለሉ ካለ አውሬ ጋር ይዋጋል፣ ከሞተ ደግሞ እንደገና ከጉድጓዱ አፍ ይጀምራል፤ ወለሎቹም ተቀያይረው ይጠብቁታል። እኛ «ጉድጓዱ» ብለን ጠራነው። ጸሎተኛዋ እማዬ ሰይጣን ያለበት ነገር እንዳይሆን ብላ ስትጠይቅ፣ ዮኒ ሰውዬው የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ነው አላት፤ እኔም ዘጠነኛው ወለል ላይ ያለው አውሬ ቀንድ እንዳለው እያወቅኩ ዝም አልኩ።

የጉድጓዱ ሕግ እንዲህ ነበር፦ ስትወርድ ቀይ ድንጋይ ትለቅማለህ፣ የለቀምከው ሞተህም ይቆይልሃል፤ በድንጋዩ የሚለበስ ጥሩርና መጥረቢያ ትሠራለህ፣ ስትሞት ግን እነሱ አብረውህ ይጠፋሉ። ዘጠነኛው ወለል የሚያደርስ ጥሩር ለመሥራት ደግሞ የድንጋይ ተራራ ያስፈልጋል። ታዲያ ዮኒ ይህን እንደተረዳ ሥራ ከፋፈለ፤ ከላይ ያሉት ሦስት ወለሎች ያንቺ፣ ከዚያ በታች የኔ አለኝ። ሞኝ ነበርኩና ያመነኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

በጋውን እንዲህ አሳለፍነው። አዳማ በበጋ ነፋሱ አቧራ ተሸክሞ መስኮት ሲደበድብ ይውላል፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ዮኒና ገመቹ በዚያ ሐሩር ሜዳ ላይ ኳስ ሲያባርሩ፣ እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ፣ ዩኒፎርሜን ቀይሬ፣ ሰሃን አጥቤ፣ ሽንኩርት ልጬ፣ ከዚያ ዳንቴሉን አንስቼ ድንጋይ እለቅም ነበር። ድንጋዩ እንዲቆጠብ ጥሩር መልበስ ተከልክያለሁ። ባዶ ሰውነቴን ወርጄ፣ ጥቂት ለቅሜ፣ የሌሊት ወፍ ነክሳኝ እሞታለሁ፤ እንደገና ወርጄ እሞታለሁ። እሱ ሲመጣ ድንጋዩን ሁሉ አንድ ጊዜ አፍስሶ ጥሩሩን ይሠራና የኔን ሦስት ወለሎች በሩጫ ያልፋቸዋል፣ ምንም አይነካውማ። ሰባተኛው ወለል ላይ ሲሞት ግን ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ድንጋዩ አንሶ ነው፣ ነገ ጨምሪ ይለኝ ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ባሰ፤ መብራት መሄድ ጀመረ። መብራት ሲሄድ በዚያ ዙር የለቀምኩት ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋል፤ አንድ ቀን ሦስቴ ጠፍቶ ሦስቴ ከዜሮ ጀምሬ፣ በመጨረሻ ዳንቴሉ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ነሐሴ ላይ ድንጋዩ ሞላ። ዮኒ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ፣ ጥሩሩን አሟልቶ ወረደና ባለ ቀንዱን አውሬ ገደለው፤ ልጆቹ ተሸክመውት ግቢውን ዞሩ፣ እኔ ውኃ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ውኃውን ይዤ ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ የአሸናፊዎች ሰሌዳ ወጥቷል፣ እሱ ስሙን ጽፏል። የኔንም ጨምር አልኩት።

«አንቺ እኮ ረዳሽኝ እንጂ አልተጫወትሽም» አለኝ።

ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ እኔን ያንገበገበኝም እሱ ነው፣ ከልቡ ማመኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች የኔ የሆነ አንድ ዙር፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ስሜ።

በአዲሱ ዓመት፣ የመስቀል ሰሞን፣ ገመቹ ሁለተኛውን ጉድጓድ አመጣ። ድንጋይ መልቀም ቀርቷል! አፉ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ለሁሉም እኩል ጥሩር፣ እኩል መጥረቢያ ይሰጣል፤ በየወለሉ ሦስት ስጦታ ይደረደርልሃል፣ አንዱን መርጠህ ታልፋለህ፣ የመረጥካቸው እርስ በርስ ከተስማሙ ትበረታለህ፣ ካልተስማሙ ወየውልህ። ሞት ያው ሞት ነው፣ ከአፉ ያስጀምራል፤ ግን አንድ ዙር ወጥ እስኪበስል ድረስ ያልቃል። መብራት ቢሄድ እንኳ የሚጠፋብህ ያ አጭር ዙር ብቻ ነው።

ዮኒ ጠላው። ሁለተኛው ወለል ላይ የሌሊት ወፏ በልታው በልታው ስትሰለች፣ ይሄ የሰነፍ ጌም ነው፣ ሰው ሳይለፋበት የሚያገኘው ነገር ምን ጣዕም አለው እያለ ይሰብክ ጀመር። የአባባን ተወዳጅ ጥቅስ ሳይቀር አመጣ፤ ሊሠራ የማይወድ አይብላ።

«እንግዲያው እኔ ልብላ» አልኩት። «የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ገመቹ ከሶፋው ላይ ሳቁን ለቀቀው። እውነቱን ልናገርና፣ ዮኒ የሌሊት ወፏን አያውቃትም ነበር፤ እኔ ግን ከመንከሷ በፊት አንዴ ወደ ግራ ዞር እንደምትል ስንት ጊዜ ሞቼ አይቻለሁ። ይህን ስናገር «አየሽ፣ ልፋቱ ነዋ ያስተማረሽ» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ ተዉኝ! የሌሊት ወፍን ጠባይ ለማወቅ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ የተቀሩት ወራት ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር ዮኒ ሲመጣ ከወንበር መነሳትን ነው።

በልግ ላይ፣ ዝናቡ አቧራውን ትንሽ እንዳስተኛው፣ አባባ ዘንድ ሄጄ ቅዳሜ ቅዳሜ የራሴ አንድ ሰዓት እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። ዮኒ አንድ ላይ ነው የምንጫወተው፣ የምን መከፋፈል ነው አለ። አባባ ለጌም ይሄ ሁሉ ክስ ነው ብሎ ሳቀ፣ ለታላቅሽ ልቀቂለት ሊልም አፉን ከፈተ። እማዬ ሶፋው ላይ የአባባን ተማሪዎች ፈተና እያረመች ነበር፤ ትክክለኛው መልስ ቀዳዳ ሆኖ የተበሳበትን ወረቀት በየፈተናው ላይ እየደረበች፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ እንደ ሁልጊዜው። ሁሉን አርማ ስትጨርስ አባባ ይፈርምበታል። ቀና ሳትል ተናገረች።

«ሰዓቷን ስጣት። የሠራ ሰው ስሙ ይጻፍለት።»

አባባ እማዬ ጭን ላይ ያለውን የወረቀት ክምር አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የኤፊ ነው አለ። ዮኒ አጉረመረመ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ዘጠነኛው ወለል ደረስኩ። ላብ እጄን አርሶታል፤ ዮኒ፣ ገመቹና ሌሎች ሁለት የሰፈር ልጆች ከኋላዬ ቆመዋል። አውሬው ከጨለማው ሲወጣ ዮኒ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ተነሺ፣ ይሄን እኔ ልጨርሰው።»

«አልነሳም።»

ወንበሩን ከኋላ ሊስብ ሞከረ፤ እግሬን የጠረጴዛው እግር ላይ ጠምጥሜ ተጣበቅኩ። በዚህ መሃል አውሬው ገደለኝ። ልጆቹ ጮሁ፣ ዮኒም ለኔ ብትሰጪኝ ኖሮ አለ፤ እኔ ግን፣ እንዴት ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ ደስ አለኝ። ለማንም ብዬ አልነበረም የሞትኩት። ወዲያው ከአፉ ጀመርኩ። ገመቹ በዝግታ «ጃባዱ ኤፊ» አለኝ፣ በርቺ ማለቱ ነው። ያን ቀን አልቻልኩም፣ በሚቀጥለውም አልቻልኩም። በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ሳሎኑ ውስጥ ከእማዬ በቀር ማንም ሳይኖር፣ ገደልኩት፤ ስሜንም በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ጻፍኩ። እማዬ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መጥታ አነበበችውና ግንባሬን ሳመችኝ። ስለ ቀንዱ ምንም አላለችም።

አሁን ሁለታችንም ትልልቅ ሰዎች ነን። ዮኒ አዳማ ሱቅ ከፍቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ይኖራል፤ ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ብታመም እስከ ባቱ ድረስ መጥቶ የሚወስደኝ እሱ ነው። የሁለቱ ጉድጓዶች ክርክር ግን አላለቀም። ባለፈው ፋሲካ ምሳ ላይ፣ የዛሬ ጌም ልጅ ያባልጋል፣ የመጀመሪያውን ለመጨረስ ዓመት ሙሉ ነው የለፋሁት እያለ ለልጆቹ ሲተርክላቸው፣ እኔ ሥጋዬን አላምጬ ጨርሼ ያች የሌሊት ወፍ ከመንከሷ በፊት ወደየት ነበር የምትዞረው ብዬ ጠየቅኩት። አሰበ፣ ሚስቱን አየ፣ ረሳሁት አለ።

እሱ የረሳው ነገር የለም፤ ድሮም አያውቀውም ነበር። እኔ ዛሬ የአበባ ቆራጮችን የቀን ሥራ እየተቀበልኩ በየባልዲው ላይ አበባውን የቆረጠችውን ልጅ ስም እጽፋለሁ፤ ቀጣሪዎቼ ጊዜ ይፈጃል፣ የቡድን መሪው ስም ብቻ ይበቃል ሲሉኝ አይበቃም እላለሁ። ዮኒ የመጀመሪያው ጉድጓድ ይሻል ነበር ይላል፣ ጓደኞቹም ይስማሙበታል። የመጀመሪያውን እኔም አውቀዋለሁ፤ ከነሱ ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰዓት የተቀመጥኩበት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ይሻላል።